ሚዛን ብቻውን ምስክር አይበቃም፤ ስለ ታመሙ ልጆች የሰውነት ስብ አለካክ

በአገራችን ልማድ አንድ ሰው ከዘመዱ ጋራ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚናገረው ቃል «ወፍረሃል፤ አምሮብሃል» የሚል ነው። ይህም ቃል ምርቃት እንጂ ነቀፋ አይደለም። ድርቅና በሽታ በተፈራረቁበት አገር የገላ መሙላት የጤናና የጥጋብ ምልክት፥ መክሳትም የችግር ምልክት ሁኖ ሲቈጠር ኑሯልና። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍ ያሰብነው ግን ይህ የቈየ መለኪያ ስለሚያሳስትበት ነገር ነው፤ ይኸውም ሉፐስ የሚባለው ረዥም በሽታ ስለ ያዛቸው ልጆች፥ የሰውነታቸውም ስብ እንዴት እንደሚለካ ነው። ነገሩ የሐኪሞች ብቻ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ይኖሩ ይሆናል፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ የሚነገር አንድ ቃል፥ በቤት ውስጥም የሚጻፍ አንድ ቍጥር ልጅን ሊጐዳ ወይም ሊያድን መቻሉን በዓይናችን ስላየን የወላጆችም ጕዳይ ነው እንላለን።

በወላይታ ሶዶ ከተማ፥ የዳሞታ ተራራ ከላይ በሚታይበት ሰፈር፥ በጐረቤታችን ቤት አንዲት ልጅ አለች። 14 ዓመት በሞላት ጊዜ፥ ፀሐይ በበረታበት በጥር ወር፥ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ያማት ጀመር። ቀጥሎም ማታ ማታ ትኵሳት መጣባት፤ በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ በጕንጮቿ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ፀጕሯም በማበጠሪያው ላይ ይቀር ጀመር። አያቷ «ምች ነው የመታት» ብለው ዳማከሴ እየጨመቁ አሿት። ሕመሙ ግን አልተዋትም። በመጨረሻ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደች፤ ደሟና ሽንቷ ተመርምሮ፥ በኋላም አዲስ አበባ ድረስ ተልካ፥ በሽታው ሉፐስ መሆኑ ታወቀ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ታዘዘላትና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትኵሳቱ ጠፋ፤ ጣቶቿም ተዘረጉ።

መስከረም ደርሶ የወላይታ ሕዝብ ጊፋታን ባከበረ ጊዜ የልጅቱ ፊት እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ ሁኖ ነበር። በሬ የተጣለበት፥ ቅቤውና ሙቹዋው የቀረበበት፥ ዳታው የተሰለቀበት ቀን ነውና ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ «እሰይ፥ ልጃችን ወፈረች፤ መድኀኒቱ ተስማማት» እያለ መረቀ። ልጅቱ ግን አንገቷን ደፍታ ነበር። ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ጓደኞቿ በጕንጯ ሳቁባት፤ የልብ ወዳጇ እንኳ ከሩቅ አይታ አላወቀቻትም። በጥቅምት ወር ማንም ሳያውቅ ኪኒኑን ከጓሮ በእንሰቱ ሥር ትጥል ጀመር።

በኅዳር አባቷ ደስ ብሎት ወደ እኔ መጣና «ወንድሜ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከሁለት ሳምንት በፊት በሚዛን 50 ኪሎ የነበረች ልጅ ትናንት 54 ኪሎ ሆነች» አለኝ። እኔም እንደ እርሱ ደስ አለኝ። በማግሥቱ ግን የልጅቱ የዓይኗ ቆብ አብጦ አልገለጥ አለ፤ ጫማዋም አልገባ አላት። የሐኪም ቤቱ ነርስ በአውራ ጣቱ የእግሯን አጥንት ፊት ለፊት ተጭኖ በለቀቀ ጊዜ ጕድጓዱ ሳይሞላ ቀረ። ያ የተደሰትንበት አራት ኪሎ ስብ አልነበረም፤ ሥጋም አልነበረም፤ ኵላሊቷ ስለ ታመመ ሰውነቷ የቋጠረው ውሃ ነበር።

ጥቂት ሒሳብ ብናውቅ ኑሮ በዚያው ቀን በነቃን ነበር። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ የሚሆን ኀይል የተከማቸበት ነው። አራት ኪሎ ስብ በሁለት ሳምንት ለመጨመር ከ30,000 ካሎሪ የበለጠ ትርፍ ምግብ ያስፈልጋል፤ ይህም ለእንደርሷ ያለች ልጅ በየቀኑ የዕለት ምግቧን ያህል ሌላ ሙሉ ምግብ መጨመር ማለት ነው። ልጅቱ ግን በእነዚያ ቀኖች ቍርሷን እንኳ ትታ ነበር። ስለዚህ በጥቂት ቀኖች ውስጥ የሚመጣ ኪሎ ውሃ እንጂ ስብ እንዳይደለ ማንኛውም ወላጅ ይወቅ።

አሁን ስለ በሽታው ጥቂት እንናገር። ሉፐስ ማለት በላቲን ቋንቋ ተኵላ ማለት ነው። የጥንት የአውሮጳ ሐኪሞች በፊት ላይ የሚወጣውን ቍስል ተኵላ የነከሰው ስለ መሰላቸው ይህን ስም ሰጡት። የበሽታው ሥር ግን ከውጭ የመጣ አውሬ አይደለም። በሽታን ለመከላከል በሰውነታችን ውስጥ የቆመው ኀይል፥ ጠላቱን ከወገኑ መለየት አቅቶት የገዛ አካሉን ሲወጋ የሚመጣ ነው፤ ዘበኛ የሚጠብቀውን ቤት እንደ መውጋት ያለ ነው። ቆዳን፥ መገጣጠሚያን፥ ኵላሊትን፥ ደምን፥ ልብንና አንጐልን ሊነካ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከትልልቅ ሰዎች መካከል ከአሥር በሽተኞች ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው። በልጅነት የሚጀምራቸው ጥቂቶች ቢሆኑም በእነርሱ ላይ በሽታው ይከፋል፤ ኵላሊትንም አዘውትሮ ይነካል። የፀሐይ ጨረር በሽታውን የሚቀሰቅስ ስለ ሆነ፥ እንደ ሶዶ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ለምድር ወገብ ቀርቦ በሚገኝ አገር ጥንቃቄው ይበልጣል። እንግዲህ አያቷ «ምች» ብለው ፀሐይን መጠርጠራቸው ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም፤ ነገር ግን ዳማከሴ ይህን ጦርነት አያስቆምም።

ጦርነቱን የሚያበርዱት መድኀኒቶች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉ ፈጥኖ የሚሠራው ግን የፕሬድኒሶሎን ወገን ነው። የዚህም ታሪክ ሊታወቅ የሚገባው ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1948 ዓ. ም. በመስከረም ወር በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ዶክተር ፊሊፕ ሄንች በመገጣጠሚያ በሽታ ተይዛ መራመድ ላቃታት አንዲት ወጣት ሴት ኮርቲዞን የሚባለውን ንጥረ ነገር በመርፌ ሰጡ፤ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ስለዚህም ሥራ ሄንች ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋራ በ1950 ዓ. ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ብዙ ሳይቈይ መድኀኒቱ ለሉፐስ በሽተኞችም ተሰጠ፤ ቀድሞ ይሞቱ የነበሩ ብዙዎችም በሕይወት ኖሩ።

ይሁን እንጂ ይህ መድኀኒት ዋጋ ያስከፍላል። ሃርቪ ኩሺንግ የሚባሉት አሜሪካዊ ሐኪም በ1932 ዓ. ም. የዚህ ዓይነት ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ጽፈው ነበር። የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ ስብ በፊት፥ በማጅራትና በሆድ ይከማቻል፤ የጭንና የክንድ ጡንቻ ግን ይሟሽሻል፤ አጥንት ይሳሳል፤ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅም ቁመቱ ይዘገያል። እንግዲህ የዚህ ነገር ክፋት በሁለት ወገን ነው፤ ስብ እየመጣ ሳለ ሥጋ ይሄዳል። አንዱ ሲጨምር ሌላው ስለሚቀንስ ሚዛኑ ምንም እንዳልሆነ ያህል ዝም ብሎ ይቆማል። በልጅነታቸው ሉፐስ በያዛቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም ከጤነኛ እኩዮቻቸው ይልቅ የስባቸው ድርሻ በዝቶ፥ የሥጋቸው ድርሻ አንሶ ሊገኝ እንደሚችል አሳይተዋል።

ይህ የመልክ ነገር ብቻ ቢሆን ባልደከምን። ሉፐስ ራሱ የደም ሥርን የሚያስቈጣ በሽታ ነው። በ1997 ዓ. ም. ከአሜሪካ ከፒትስበርግ የወጣ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 44 ዓመት የሆኑ የሉፐስ በሽተኞች ሴቶች ከእኩዮቻቸው ይልቅ ከ50 ጊዜ በላይ ለልብ ድካም መጋለጣቸውን ገለጸ፤ ይኸውም የልብ ደም ሥር በድንገት ተደፍኖ የሚመጣውን ነው። በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ ደግሞ በበኩሉ የሰውነትን ቍጣ የሚያባብስ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ስኳርና የደም ግፊት ያመጣል። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅ ስብ ዛሬ መለካቱ በ40 ዓመቷ ልጆቿን እንድታሳድግ ነው።

እንግዲህ በምን ይለካል? በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው በአንድ ምስክር ቃል ነገር አይቈረጥም። አንዱ ምስክር ያየውን ብቻ ይናገራል፤ ያላየውንም ቢጠይቁት አያውቅም። ሚዛን እንዲህ ያለ ምስክር ነው። ስንት ኪሎ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ነገር ግን ስብ ይሁን፥ ሥጋ ይሁን፥ አጥንት ይሁን፥ ወይስ ውሃ ይሁን አይለይም።

ይህን ነገር በግልጽ ያሳዩት በአሜሪካ ባሕር ኀይል ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቤንኬ ናቸው። በ1942 ዓ. ም. 25 የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾችን መረመሩ። በጊዜው በነበረው የቁመትና የክብደት ሠንጠረዥ ቢታዩ 17ቱ ከመጠን በላይ ከባድ ስለ ነበሩ ብቁ አይደሉም የሚባሉ ነበሩ። ቤንኬ ግን በውሃ ውስጥ አጥልቀው በመዘኗቸው ጊዜ ስባቸው ጥቂት፥ ክብደታቸውም ጡንቻ ሁኖ ተገኘ። ስብ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሥጋና አጥንት ግን ይሰጥማሉና በውሃ ውስጥ የሚመዝን ሰው ሁለቱን ለይቶ ያውቃል። ሠንጠረዡ በጤነኞች ላይ የፈረደውን የተሳሳተ ፍርድ በበሽተኛ ልጅ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ይፈርዳል፤ ስብ የበዛባትን ልጅ «ደኅና ናት» ይላል።

ሁለተኛው ምስክር ቁመት ነው። ኬትሌ የሚባሉት የቤልጅግ ሊቅ በ1832 ዓ. ም. የሰው ክብደት ከቁመቱ ካሬ ጋራ እንደሚሄድ ጻፉ። ኪሎውን በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። 45 ኪሎ የሚመዝንና ቁመቱ 1.50 ሜትር የሆነ ልጅ 45 ለ2.25 ሲካፈል 20 ይሆናል። ይህ ቍጥር ለልጆች እንደ ትልቅ ሰው በአንድ ወሰን አይፈረድበትም፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ዓ. ም. ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት በዕድሜና በጾታ ከፍሎ ባወጣው ሠንጠረዥ ይታያል። ሆኖም ይህም ምስክር ከሚዛን ቃል የተወለደ ስለ ሆነ ውሃውንና ስቡን አይለይም።

ሦስተኛው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ከታችኛው የጐድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል፥ ልጁ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ባስወጣ ጊዜ ወገቡ ይለካል። ወገብ ከቁመት እኩሌታ ማነስ ይገባዋል፤ ቁመቱ 150 ሴንቲሜትር የሆነ ልጅ ወገቡ 75 ከደረሰ ነገሩ ይታሰብበት። ሆኖም ሆድ ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል ይህም በሐኪም ይታይ።

አራተኛው የቆዳ እጥፋት መለኪያ ነው። ይህ በሁለት መንጋጋው ቆዳንና ከቆዳ በታች ያለውን ስብ በልክ የሚቆነጥጥ መሣሪያ ነው። በክንድ ጀርባ፥ ከትከሻ አጥንት ጫፍና ከክርን እኩል በራቀው ስፍራ፥ ቆዳው ከጡንቻው ተለይቶ በጣት ይያዛል፤ መሣሪያው ይነክሳል፤ ሁለት ሴኮንድ ያህል ቈይቶ ውፍረቱ በሚሊሜትር ይነበባል። ሦስት ጊዜ ተለክቶ መካከለኛው ይወሰዳል። በባት ላይ በውስጥ በኩልም እንዲሁ ይደረጋል። ስሎተርና ባልደረቦቻቸው በ1988 ዓ. ም. ለልጆች ባወጡት ቀመር፥ ለሴት ልጅ የሁለቱ ድምር በ0.610 ተባዝቶ 5.1 ሲጨመርበት የስቧ መቶኛ ይገኛል። ይህ ቀመር በጤነኞች የአሜሪካ ልጆች ላይ የተሠራ መሆኑ አይዘንጋ፤ በወላይታ ላለችና መድኀኒት ለምትወስድ ልጅ ፍጹም እውነት አይሆንም። ነገር ግን ልጅን ከራሷ ጋራ፥ ያለፈውን ወር ከዚህ ወር ጋራ ለማስተያየት ይጠቅማል።

አምስተኛው ምስክር ከሁሉ የረከሰ፥ በሁሉም ቤት የሚገኝ ነው፤ እርሱም አውራ ጣት ነው። የእግርን አጥንት ፊት ለፊት ጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ ሲለቅቁት ጕድጓድ ቢቀር ውሃ አለና ሌሎቹ ምስክሮች ሁሉ ይጠረጠራሉ። በወላይታ ይህን መለየት ይበልጥ ያስፈልጋል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር ዝሆኔ በአገሩ የቈየ ችግር ስለ ሆነ፥ እግሩ ያበጠ ልጅ ሁሉ በዚያው እየተገመተ ሊቀር ይችላልና። እግር ብቻ ሳይሆን የዓይን ቆብ ጧት ጧት ቢያብጥ፥ ሽንትም እንደ ሳሙና ቢያረፋ፥ ኵላሊት ነው ብሎ ወደ ሐኪም መሮጥ ይገባል።

ከእነዚህ በላይ ዴክሳ የሚባል የራጅ መሣሪያ አለ። ሁለት ዓይነት ኀይል ያለው ጨረር በሰውነት ውስጥ አሳልፎ አጥንትን፥ ስብንና ሥጋን ለየብቻ ያሳያል፤ ጨረሩ እጅግ ጥቂት፥ ጊዜውም ወደ 10 ደቂቃ ነው። የአጥንትንም መሳሳት ስለሚናገር ፕሬድኒሶሎን ለሚወስድ ሰው እጥፍ ጥቅም አለው። ነገር ግን ዋጋው ውድ ስለ ሆነ በየአገሩ አይገኝም፤ የተቋጠረንም ውሃ ከሥጋ ጋራ ይቈጥረዋል። ጥቂት ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ አሳልፎ የሚለካ መሣሪያም አለ፤ ኤሌክትሪክ በውሃ ውስጥ በቀላሉ፥ በስብ ውስጥ በጭንቅ ያልፋልና። እርሱም ያበጠ ልጅ ሲቆምበት ውሃውን ሥጋ አስመስሎ ስቡን ያሳንሳል። ስለዚህ ውድ መሣሪያም ቢሆን አውራ ጣትን ሳይጠይቅ አይታመንም።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ኵላሊቷ ሲታከም ውሃው ወረደ፤ መድኀኒቱም እንደ ገና ከፍ ብሎ ተሰጣት። በመጋቢት ወር ይህን ሥራ የተማረ ያ ወጣት ነርስ «ከእንግዲህ በሚዛን ብቻ አንሄድም» ብሎ ደብተር እንድናዘጋጅ ነገረን። እኔም እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ አድርጌ በቀለም አሰመርሁላት። በመጀመሪያው ቀን የተጻፈው ይህ ነው፤ ክብደት 51 ኪሎ፤ ቁመት 150 ሴንቲሜትር፤ ወገብ 79፤ ክንድ 24 ሴንቲሜትር፤ የክንድ እጥፋት 22፥ የባት እጥፋት 24 ሚሊሜትር። በቀመሩ ቢሰላ ስቧ 33 በመቶ ያህል ሆነ።

ከዚያም ሐኪሙ መድኀኒቱን ቀስ በቀስ ቀነሰላት፤ ሌላም አጋዥ መድኀኒት ጨመረላት። እናቷ ጨው ቀነሰች። ቆጮና ስኳር ድንች የወላይታ ገበታ መሠረት ናቸው፤ ጕልበት ይሰጣሉ፤ ሥጋን የሚገነባው ፕሮቲን ግን በእነርሱ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ለኵላሊቷ በፈቀደው ልክ ቦሎቄ፥ ዕንቍላል፥ ወተት፥ ሲገኝም የአባያ ሐይቅ ዓሣ ከጐመን ጋራ ተጨመረላት፤ ለስላሳ መጠጥም ከቤት ወጣ። ልጅቱም ባርኔጣ አድርጋ፥ ፀሐይ ሳይበረታ ጧትና ፀሐይ ከበረደ በኋላ ማታ መራመድ ለመደች።

በስምንተኛው ወር በኅዳር ሚዛን ላይ ወጣች፤ 51 ኪሎ። እናቷ ይህን ባየች ጊዜ «ይህ ሁሉ ድካም ለከንቱ ነውን?» ብላ አለቀሰች። ክንዷ ተለካ፤ እርሱም እንደ ፊተኛው 24 ሴንቲሜትር ነው። ልጅቱም ፊቷ ጠቈረ። ነርሱ ግን ሥራውን ቀጠለ፤ ቁመት 151፤ ወገብ 74፤ የክንድ እጥፋት 16፥ የባት እጥፋት 18 ሚሊሜትር። ስቧ ወደ 26 በመቶ ወርዷል።

ክንዷንም እንዲህ አሰላነው። ክንድን እንደ ግንድ ብናስበው ስቡ ቅርፊት፥ ጡንቻውም እንጨት ነው። የክንዱ ዙሪያ ሲቀነስ እጥፋቱ በ3.14 ተባዝቶ የጡንቻውን ዙሪያ ይሰጣል። በመጋቢት 2.2 ሴንቲሜትር በ3.14 ሲባዛ 6.9 ሆነ፤ ከ24 ሲቀነስ 17.1 ቀረ። በኅዳር 1.6 ሲባዛ 5.0 ሆነ፤ ከ24 ሲቀነስ 19.0 ቀረ። ክንዱ ያው ክንድ፥ ኪሎውም ያው ኪሎ ሲሆን ቅርፊቱ ሳስቶ እንጨቱ ወፍሯል። ልጅቱ ደብተሩን ብዙ ጊዜ ተመልክታ «ጋሼ፥ እንግዲያውስ ሚዛኑ ዋሽቷል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ» አልኋት። በመጋቢት ከጀመርን ወዲህ ስትሥቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

የወላይታ ሰዎች በሜትር መለካትን የማያውቁ አይደሉም። በ1984 ዓ. ም. በደረሰው ድርቅ፥ ኋላም በ2008 ዓ. ም. የበልግ ዝናም ቀርቶ ማሳው አረንጓዴ ሳለ ሰው በተራበ ጊዜ፥ የሕፃናት ክንድ በየመንደሩ ሲለካ አይተዋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር ማነሱ የከባድ ረኃብ ምልክት ነው። ያ ሜትር ብዙ ሕፃን አድኗል። ነገር ግን ለመክሳት የተበጀ ወሰን የሕፃናት እንጂ የጐረምሶች አይደለም፤ እንደዚሁም የመክሳት ፍርሀት በልባችን ስለ ተተከለ፥ ያበጠውንና ስብ የበዛበትን ልጅ በደስታ እንቀበለዋለን። ሜትሩን በእጃችን እንደ ያዝን ትርጕሙን ማስፋት ይገባናል።

ስለዚህ በቤቱ እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት አንባቢ የሚከተለውን ያስብ።

መጀመሪያ፤ ደብተር ይኑር። በወር አንድ ጊዜ፥ ጧት፥ ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፥ ቍርስ ሳይበሉ፥ በአንድ ዓይነት ቀላል ልብስ፥ በአንድ ሚዛንና በአንድ ሜትር ይለካ። የሚለካውም ሰው ቢቻል አንድ ይሁን፤ እጅ ሲለዋወጥ ቍጥርም ይለዋወጣልና።

ሁለተኛ፤ በጥቂት ቀኖች ሁለት ኪሎ ቢጨምር፥ ወይም አውራ ጣት ጕድጓድ ቢያስቀር፥ ወሩን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ሦስተኛ፤ ፕሬድኒሶሎን በድንገት አይቋረጥ። ከኵላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ይህን የመሰለ ንጥረ ነገር በተፈጥሮ ይሠራሉ፤ መድኀኒቱ ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ ግን ሥራቸውን ትተው ያንቀላፋሉ። በድንገት ቢተው የደም ግፊት ወርዶ ነፍስን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። መቀነስ የሐኪም ሥራ ነው፤ እርሱም ቀስ በቀስ ነው።

አራተኛ፤ ስብ በዛ ተብሎ ልጅ አይራብ። ረኃብ የቀረውን ጡንቻም ይበላል፤ እድገትንም ያቆማል። ጾምም ቢሆን ከሐኪምና ከንስሓ አባት ጋራ ተመክሮ ይወሰን።

አምስተኛ፤ ይህም ከሁሉ ይበልጣል፤ በልጅቱ ፊት ስለ ገላዋ ምስጋናም ነቀፋም አይነገር። ያች ልጅ ኪኒኗን የጣለችው የሳቁባት ልጆች ብቻ ስለ ጐዷት አይደለም፤ በጊፋታ ቀን የመረቅናትም ሰዎች አልተረዳናትም። የፊቷ መሙላት የመድኀኒቱ ሥራ መሆኑን፥ መድኀኒቱም ሲቀነስ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚወርድ አስቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኑሮ ከጓሮ ባልሄደች ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም» ይባላል፤ ነገር ግን ልጅ በሽታውን እንዳይደብቅ በመጀመሪያ የማይስቅበትና የማያሞግሰው ሰሚ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ ሥልጣንና ገንዘብ ላላቸው ክቡራን አንባብያን አንድ ልመና አለን። የልብስ ሰፊ ሜትር ዋጋው ጥቂት ነው፤ የቁመት መለኪያ እንጨትም የሰፈር አናጢ ይሠራዋል፤ የቆዳ እጥፋት መለኪያም ከብዙ የሐኪም ቤት ዕቃ ይልቅ የረከሰ ነው። ከእነዚህ አንዱን ለጤና ጣቢያ የሚሰጥ ሰው፥ ወይም በአስተዳደሩ ሥር ያሉት ነርሶች አለካኩን እንዲማሩ የሚያደርግ ሹም፥ ሳይታወቅበት የብዙ ቤት ኀዘን ያስቀራል። የጐረቤታችን ልጅ አሁንም መድኀኒቷን ትወስዳለች፤ በሽታው ገና አልለቀቃትም፤ በየወሩም ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች። የቀለሙ መስመር አልቆባት ባለፈው ሳምንት አዲስ ደብተር አሰምርልኝ ብላ መጥታ ነበር፤ አሰመርሁላት።